ምዕራፍ አምስት፦ ላኪው ማነው?

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ወያላ ሳይከፈለው ቀኑን ሙሉ የሚያስተዋውቃቸው ሁለት የማሠልጠኛ ተቋማት አሉ። አንዱ ዊንጌት ነው፤ ሌላው አለርት። ከመርካቶ ወደ ኮልፌ አቅጣጫ በሚወጣው መስመር «ዊንጌት! ዊንጌት!» ሲባል ይዋላል፤ ወደ አየር ጤና በሚወስደው ደግሞ «ዘነበወርቅ! አለርት!» ይባላል። ገንዘቡን አፍስሶ ስሙን በቀን ይህን ያህል ጊዜ የሚያስጠራ የግል ኮሌጅ በከተማው ውስጥ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ነገር ግን «ወራጅ አለ» ብሎ የወረደውን መንገደኛ አስቁመን «እዚህ ግቢ ውስጥ ምን ያስተምራሉ?» ብንለው፣ ብዙው «እኔ እንጃ» ነው የሚለን። ስለ ዊንጌት «ቴክኒክና ሙያ መሰለኝ» ሊል ይችላል። አለርት ሆስፒታል መሆኑን ያውቃል፤ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችና ነርሶች ሲሠለጥኑበት የኖረ ማዕከል መሆኑን ግን የሰማ ጥቂት ነው።

ስም አለ ማለት ፕሮግራሙ ታውቋል ማለት አይደለም። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ተማሪ ሲያንሳቸው የሚሰበሰቡበትን ስብሰባ የተካፈለ ሰው ውይይቱ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ባነር እናሠራ ይባላል። ሬዲዮ እንግባ ይባላል። የፌስቡክ ገጻችን ሞቷል፣ ቴሌግራም ይከፈት፣ አንድ ቲክቶክ የሚችል ልጅ ይፈለግ ይባላል። ሁሉም «ተማሪው እንዴት ይወቀን?» ለሚለው የሚሰጥ መልስ ነው። እኔ ግን ከዚህ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ ተማሪውን የሚልከው ማነው? በእኛ አገር ብቻውን አስቦ፣ ብቻውን ወስኖ፣ ከኪሱ ከፍሎ የሚመዘገብ ተማሪ ብርቅ ነው። ከኋላው ላኪ አለ። አንዳንዴ መንግሥት ነው፣ አንዳንዴ የፈተና ውጤት፣ አንዳንዴ እናት፣ አንዳንዴ ቤሩት የምትሠራ እህት። ፕሮግራሙ ለላኪው ካልታየው፣ ተማሪው በስልኩ አይቶ ቢወደውም ከመውደድ አያልፍም።

የዊንጌት ሁለት ዘመን

ኦርድ ዊንጌት የጌዴዎን ጦር የተባለውን ኃይል እየመራ ከሱዳን በጎጃም በኩል የገባ፣ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ አብሯቸው የነበረ እንግሊዛዊ መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በእስያ ግንባር ሳለ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዛሬ ኮልፌ ከጉለሌ ጋር በሚዋሰንበት አካባቢ፣ በስሙ የተሰየመ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የብሪቲሽ ካውንስል እጅ ያለበት፣ እንግሊዛውያን መምህራን ያስተማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከአድዋ የመጡት ለገሰ ዜናዊ፣ በኋላ መለስ ተብለው አገር የመሩት ሰው፣ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው የተማሩት በዚሁ ግቢ ነው።

ያኔ ዊንጌት ራሱን ማስተዋወቅ አያስፈልገውም ነበር። ላኪው መንግሥት ነው፤ መመዘኛው ውጤት ነው፤ የተላከው ልጅ ዕድለኛ ነው። ለአንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተማሪው ዊንጌት መግባቱ የራሱም ክብር ነበር። ከዚህ በላይ ማስታወቂያ የለም። ላኪው ሲኮራበት ተቋሙ ዝም ቢልም ይታያል።

ዓመታት አልፈው ግቢው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆነ። ስሙ አልተለወጠም። የሚመጣው ሠልጣኝ ግን ከወንፊቱ ሌላኛው ወገን ሆነ። ይህን የለወጠው የኮሌጁ ጥራት ወይም የመምህራኑ ማነስ አይደለም፤ የመላኪያው ሥርዓት ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዛሬ «የቴክኒክና ሙያን ገጽታ እንገንባ» ሲባል የሚዘነጋው ይኸው ነው።

በቀድሞው አደረጃጀት ተማሪ 10ኛ ክፍልን ሲጨርስ ብሔራዊ ፈተና ይወስዳል። የመቁረጫ ነጥቡን ያለፈው ወደ 11ኛ፣ ወደ መሰናዶ ይሄዳል፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። ያላለፈው በውጤቱ ልክ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይመደባል። በዚያም ውስጥ ሌላ ደረጃ አለ፤ ሻል ያለ ነጥብ ያመጣው ለደረጃ 3 እና 4፣ ዝቅ ያለው ለደረጃ 1 እና 2። ፖሊሲውን የጻፉት ሰዎች ይህን የሙያ መሰላል ብለው ሊያስቡት ይችላሉ። ኮልፌ ላለች እናት የሚደርሳት መልእክት ግን አጭር ነው፤ ልጅሽ ወደቀ። ኤሌክትሪክ ይማር፣ ብየዳ ይማር፣ ልብስ ስፌት ይማር፣ ለጎረቤት የሚነገረው ይኸው ነው። በአንድ በኩል መንግሥት በቴሌቪዥን «ሙያ ክብር ነው» እያለ፣ በሌላ በኩል በየዓመቱ በሚለጥፈው ውጤት ሙያ የወደቀ ልጅ መሄጃ መሆኑን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በስም ይነግራል። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሰማ ግልጽ ነው። ምንም ባነር ያንን አያሸንፍም።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ፈተናው ሲቀር በዝርዝር ተመድቦ የሚመጣ ሠልጣኝም ቀረ። ኮሌጆቹን የሚያሳፍራቸውም የሚቀልባቸውም አንድ ላኪ ነበር፤ ቀለቡ ቀረ፣ እፍረቱ ግን አልሄደም። ከዚያ በኋላ የመጣው የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ አገሩን ያስደነገጠ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 896,520 ነበሩ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ። በ2015 ከ845 ሺህ ተፈታኞች 27,267። በ2016 ትንሽ ከፍ ብሎ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። በእነዚህ ዓመታት ከግማሽ በታች ያመጣው ወጣት ሲደመር በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው።

ቁጥሩን ያየ ሰው የዊንጌት፣ የተግባረ ዕድ፣ የእንጦጦ ኮሌጆች በር በወረፋ ይጨናነቃል ሊል ይችላል። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ከ12ኛ ክፍል በኋላ የሚመጣው ልጅ 18 ወይም 19 ዓመት ሞልቶታል፤ ሁለት ተጨማሪ ዓመት ዩኒቨርሲቲን ሲያልም ቆይቷል፤ በዚህ ላይ የማካካሻ ትምህርት የሚባል ተስፋ ተከፍቷል። በ10ኛ ክፍል የነበረው የመውደቅ ስሜት ሳይለወጥ ወደ 12ኛ ተሸጋገረ። አሁንም ኮሌጁ «ያልሆነለት» መግቢያ ሆኖ ይታያል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ዛሬ ማንም ሰው በዝርዝር አይልክለትም።

ማንም የማይፈልገው ትምህርት

አሁን ወደ ዘነበወርቅ፣ ወደ አለርት እንለፍ። ተማሪ የመሳብ ጥያቄ እዚያ ከነበረው የከበደበት ቦታ በአገሪቱ ብዙ አይገኝም። የሚያስተምሩት የሥጋ ደዌን ሕክምና ነበርና።

ቦታው የታወቀው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ያኔ ከከተማው ዳር፣ ሰው ከማይደርስበት ተሠራ። የታከሙትም ያልታከሙትም፣ ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ የከበዳቸው ሰዎች ዙሪያውን ሰፈሩ፤ ከተማው ሲያድግ ደርሶባቸው ኮልፌ ቀራኒዮ የምንለው ክፍለ ከተማ አካል ሆኑ። በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1965) በዚሁ ሥፍራ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ተመሠረተ። አለርት የሚለው ከእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ እና ለሥጋ ደዌ የቆሙ የውጭ ድርጅቶች ናቸው የመሠረቱት። በህንድ አገር በበሽታው የተጣመመ እጅን በቀዶ ሕክምና በማቃናት ስሙ የወጣው እንግሊዛዊ ሐኪም ፖል ብራንድም በምክር አብሯቸው ነበር።

እስቲ በዚያ ዘመን የነበረ ወጣት ሐኪም ሆነን እናስብ። ሥጋ ደዌ ገንዘብ የሚያስገኝ ሙያ አይደለም። ታካሚው ድሃ ነው፤ ሕዝቡ በሽታውን እንደ እርግማን ያየዋል፤ የታካሚው መገለል ለሐኪሙም ይተርፋል። «ኑ፣ ሥጋ ደዌ ተማሩ» የሚል ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ስንት ሰው ይመዘገብ ነበር? ማዕከሉ ግን ሠልጣኝ አገኘ፤ ከኢትዮጵያም፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም፣ ከዚያም አልፎ።

እንደ እኔ ንባብ ምስጢሩ ተማሪን አለመፈለጋቸው ነው። የፈለጉት ላኪውን ነው። በየአገሩ የሥጋ ደዌ መቆጣጠሪያ አገልግሎት የነበራቸው መንግሥታትና የሚሲዮን ድርጅቶች ነበሩ። እነዚህ ሐኪምና ነርስ ቀጥረዋል፤ በሽተኛ ተሰልፎባቸዋል፤ የሚያውቅ ሰው ግን የላቸውም። ችግሩ የእነሱ ነው፤ ገንዘቡም የእነሱ ነው። አዲስ አበባ የሚመጣው ሠልጣኝ ሥራና ደመወዝ ያለው፣ ተምሮ ወደዚያው የሚመለስ ሰው ነበር። ሥልጠናውም ላኪው የሚያስፈልገውን ይዞ ተቀረጸ፤ ምልክቱን በጊዜ መለየት፣ በገጠር የቁጥጥር ሥራ ማደራጀት፣ የሰለለ እጅን ማንቀሳቀስ፣ የማይሰማውን እግር ከቁስል የሚጠብቅ ጫማ መሥራት። የተመለሰው ሰው የሠራው ሥራ ለላኪው በዓይን ይታያል። የጎበጠ ጣት ሲቃና ማንም ያየዋል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ይላካል።

ምርምሩም የራሱን ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከአለርት አጠገብ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምን አቋቋሙ፤ ስሙ በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ለይቶ ላወቀው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። እዚያው አለርት የሠራው ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪምም ከሥጋ ደዌ ታማሚዎች እግር ጎን ሌላ ዓይነት ያበጠ እግር አስተዋለ። ሥጋ ደዌ አይደለም፤ በትንኝ የሚተላለፈው የዝሆኔ በሽታም አይደለም። በቀይ የሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ፤ ዛሬ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ጫማ በማድረግ የሚከላከሉት በሽታ ነው። አለርትን በሕክምናው ዓለም ያስጠራው እንዲህ ያለው ግኝት ነው፤ ስለ ራሱ ካተመው ብሮሹር ይልቅ ሌሎች ስለ ሥራው የጻፉት ይበልጣል።

ከዚያ ግን ያልታሰበ ነገር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ሥጋ ደዌ በብዙ መድኃኒቶች ጥምረት እንዲታከም ወሰነ። በ1985 በዓለም ላይ ከ5 ሚሊዮን በላይ የነበረው የታማሚ ቁጥር በ15 ዓመት ውስጥ እጅግ ወረደ። ለሰው ልጅ ደስታ ነው፤ ለሥልጠናው ግን የላኪው መጥፋት ነበር። በሽተኛ ያነሰበት መንግሥት ሰው አይልክም። ማዕከሉ ሳንባ ነቀርሳን፣ ኤች አይ ቪን፣ የቆዳ ሕክምናን፣ ኋላም የድንገተኛ አደጋ ሕክምናን እየጨመረ ራሱን አሰፋ፤ ዛሬ ትልቅ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። እዚህ ላይ ብዙ የፕሮግራም ኃላፊዎች የማይወዱት ነገር አለ። ተማሪ የሚያንሰው ሁልጊዜ ስላልታወቅን ላይሆን ይችላል። ሥራችን አልቆ ወይም ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለዩ ማስታወቂያ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው።

በእርግጥ የሥጋ ደዌ ጉዳይ አላለቀም። ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ። በአንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ወጣት የጤና መኮንን ግን በትምህርት ዘመኑ አንድም ታማሚ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። ቆዳ ላይ የወጣውን፣ ሲነካ የማይሰማውን ነጣ ያለ ምልክት አይቶ ቅባት ሰጥቶ ይሸኘዋል። ስለዚህ ሥልጠናውን ዳግም ማሳወቅ የሚያስፈልግ ከሆነ መታየት ያለበት ለወጣቱ አይደለም። ለዞን ጤና መምሪያው ነው፤ ያውም «ባለፈው ዓመት ዘግይተው የመጡብን ታማሚዎች እነዚህ ናቸው፣ ከእናንተ ወረዳዎች ናቸው» በሚል መልክ።

ባነርና ውጤት

መስከረም ሲጠባ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከዚያም እስከ ቤቴል ያለው መንገድ በኮሌጅ ማስታወቂያ ይለብሳል። ምዝገባ ላይ ነን። በቀን፣ በማታ፣ በቅዳሜና እሁድ። እውቅና ያለው። ይህ የመጨረሻው ቃል ትንሽ ያታልላል፤ በአገራችን እውቅና የሚሰጠው በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ ነው። አንድ ኮሌጅ በአንድ ካምፓሱ ለአካውንቲንግ እውቅና ኖሮት፣ ሌላ ቦታ በከፈተው ቅርንጫፍ ለሚያስተምረው ነርሲንግ ላይኖረው ይችላል። ባነሩ ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ማኅተም ሥር ይሰለፋሉ። ይህን የማያውቅ ወላጅ ከፍሎ፣ ልጁ ሦስትና አራት ዓመት ተምሮ፣ ዲግሪው ሳይታወቅ የቀረበት አለ።

የግል ኮሌጅ ላኪው ከፋዩ ነው፤ ስለዚህም ከመንግሥት ተቋማት ቀድሞ መናገር ተማረ። ይህን እንደ ነውር አላየውም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት ተማሪ በምደባ ሲላክለት፣ ለሚኒስቴር ሪፖርት መጻፍ እንጂ ለወላጅ መልስ መስጠት አልለመደም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ራስ ገዝ ሆኖ፣ በራሱ ፈተና እያወዳደረ፣ በመደበኛው ፕሮግራምም ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበል ሲጀምር ነው «ለምን እኛ ጋ ትማራለህ?» የሚለውን መመለስ የተገደደው። በአንደኛ ዓመት መጨረሻ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲመጣ ነባር ተማሪዎች ለአዲሶቹ «እሱን እንዳትገባ፣ ሥራ የለውም» የሚሉት ቃል፣ ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የአንድ ሰዓት ገለጻ ይበልጥ እንደሚሰማ ማንም የካምፓስ ልጅ ይመሰክራል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ግን ባነሩም ወሬውም ያልጠበቁት ነገር ደረሰ። የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ተሰጠ። ከ150,184 ተፈታኞች 61,054፣ ማለትም 40.65 በመቶ አለፉ። ቁጥሩ ሲከፈል ነው ነገሩ የሚጎላው፤ ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ከ72,203 ተፈታኞች ያለፉት 12,422 ናቸው፤ 17.2 በመቶ። ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ ነው አልልም። የግሉ ተማሪ ሲገባ የነበረው ውጤት ዝቅ ያለ ነው፤ ብዙው ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ነው። ነገር ግን ላኪው ይህን ማስተካከያ አይሠራም። የዚያች ዓመት ወሬ አንድ ብቻ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው፣ ወይም ያልሆነው ነው። አማካይ ቁጥር ጎበዙንም ሰነፉንም አንድ ላይ ይደፍቃል። በ17.2 በመቶው ውስጥ ከግማሽ በላይ ተማሪዎቹን ያሳለፈ ትምህርት ክፍል ይኖራል። ይህ ትምህርት ክፍል ውጤቱን በአንድ ገጽ፣ ስንት ተቀመጡ፣ ስንት አለፉ፣ ስንቱ ሥራ ይዘዋል ብሎ በሩ ላይ ቢለጥፍ፣ የሌሎቹ ውድቀት ለእሱ ማስታወቂያ በሆነለት ነበር። ይህን ከማድረግ ይልቅ ባነሩን ማስፋት የሚመርጠው ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤ አንድ ምክንያት ብቻ ነው ያገኘሁት፤ በዚህ ዓመት የለጠፈ በሚቀጥለውም ይጠየቃል።

ሲንጋፖር ይህን ግዴታ ወዳ ገብታበታለች። እ.ኤ.አ. በ1992 የሙያ ማሠልጠኛ ሥርዓቷን እንደገና አዋቅራ አይ ቲ ኢ የሚባል ተቋም ስታቆም፣ ሕዝቡ ፊደላቱን አዙሮ «አበቃለት» የሚል ትርጉም ሰጣቸው፤ እዚያ የገባ ልጅ ነገር አበቃለት ለማለት። ተቋሙ የማስታወቂያ ዘመቻ አድርጓል፤ የተመራቂዎቹን ፊትና ሥራም በየቦታው አሳይቷል። ግን ከዘመቻው ጋር ሕንጻውን፣ መሣሪያውን፣ ሥርዓተ ትምህርቱን ለወጠ፤ ሕዝቡ ስለ እሱ ያለውን ግምት በየጊዜው በጥናት እየለካ ተከታተለ። ከሁሉ በላይ ጎበዝ ሠልጣኝ ወደ ፖሊ ቴክኒክ፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገርበትን መንገድ ክፍት አደረገ። ለላኪው ወላጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሩ ከኋላው እንደማይዘጋበት ያውቃል።

ኮልፌ ላይ ማን ይልካል?

አንዲት እናት በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ቆመዋል እንበል። «ልጄ፣ ይሄን ሲጨርስ ምን ተብሎ ነው የሚቀጠረው?» ይላሉ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት በትሕትና «እናቴ፣ ደረጃ 4 ሲደርስ ሲኦሲ ይወስዳል» ይላቸዋል። ሲኦሲ የብቃት ምዘናው ነው። ትክክለኛ መልስ ነው፤ ግን የተጠየቀው እሱ አይደለም። እሳቸው የፈለጉት የአንድ ሥራ ስም፣ የአንድ ድርጅት ስም፣ ከተቻለም ከሠፈራቸው የወጣ የአንድ ልጅ ስም ነው። የትብብር ሥልጠናው የት ፋብሪካ ወይም ጋራዥ እንደሚካሄድ፣ ካለፈው ዓመት ሠልጣኞች እዚያው የቀረ እንዳለ የሚያውቅ ሰው መስኮቱ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። ፎቶ ያልቀረበበት፣ ሙዚቃ የሌለው ማስታወቂያ ነው፤ ወጪውም አንድ ወንበር።

ቤሩትና ጂዳ ያሉት እህቶች ሌላ ላኪ ናቸው። ክፍያውን ይልካሉ፤ ግቢውን አያዩትም። ኮሌጁ ለእነሱ የሚታየው ወንድማቸው በቴሌግራም በሚልክላቸው ፎቶ ነው። በየሦስት ወሩ የሠልጣኙን መገኘትና ውጤት ለከፋዩ የሚልክ ኮሌጅ ቢኖር፣ አንድ እህት ለሌላዋ ትነግራት ነበር። የአየር ጤናና የኮልፌ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንም አሉ፤ ልጁ 12ኛ ሳይደርስ፣ ገና ዘጠነኛ ላይ ሳለ እጁ ምን እንደሚወድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፊዚክስ አስተማሪውን ከነተማሪዎቹ ወርክሾፕ ጋብዞ ሌዝ ማሽን ሲዞር ማሳየት፣ ውጤት ከመጣ በኋላ ተስፋ ለቆረጠ ልጅ ወረቀት ከመበተን ይበልጣል። በ12ኛ ክፍል ውጤት ማግስት የሚደርስ ግብዣ ምንም ያህል ቢያምር የልቅሶ ቤት ግብዣ ነው።

ብዙ ያልታሰበበት ላኪ ግን ባለ ጋራዡ ነው። ከሶማሌ ተራ እስከ ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ እስከ ቤቴል ባሉት ጋራዦች፣ ብረታ ብረትና እንጨት ቤቶች የሚሠራው ወጣት ኮሌጅ ሳይረግጥ ሙያ የለመደ ነው። ብዙ ኮሌጆች እነዚህን ቤቶች ተማሪ እንደሚነጥቋቸው ተፎካካሪ ያዩአቸዋል። ልጁ እዚያ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የምሳ ገንዘብ ያገኛል፤ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ይጠብቃል፤ በዚህ ፉክክር ኮሌጅ አያሸንፍም። ነገር ግን ባለ ጋራዡ የሚቸግረው ነገር አለ። ዘመናዊው መኪና ኮምፒውተር ይዞ መጥቷል፤ የኤሌክትሪክ መኪናም እየበዛ ነው፤ በጆሮ ሞተር አድምጦ የሚያውቀው ረዳቱ የመመርመሪያውን ስክሪን አያነብም። ሥርዓቱ ደግሞ ለዚህ በር አለው፤ በሥራ የለመደ ሰው በመደበኛ ትምህርት ሳያልፍ በብቃት ምዘና ተመዝኖ ማረጋገጫ ማግኘት ይችላል፤ የጎደለውን ብቻ በአጭር ሥልጠና መሙላት ይችላል።

ይህን ይዞ ወደ ባለ ጋራዡ የሄደ ኃላፊ የሚቀርብለት ጥያቄ «ትምህርታችሁ ጥራት አለው ወይ?» የሚል አይደለም። «ልጁ ስንት ቀን ከሥራ ይቀርብኛል?» ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ብቻ የሚያስተምር ወርክሾፕ ለዚህ መልስ የለውም። መልስ እንዲኖረው ለቅዳሜ መምህር የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያስፈልጋል፤ ዕቃ የሚያወጣ የግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ማታ የሚቆይ ጥበቃ፣ ለመለማመጃ ሞተሩ ዘይትና ነዳጅ፣ በጀቱን የሚያጸድቅ ዲን። ባነር ከዚህ ሁሉ ይረክሳል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሲሰቀል የምናየውም እሱ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።